ግማሹ ከአዲስ አበባ

ሰው ሙት ሊወቅስ ሲያምረው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ይህ መግቢያ አያስፈልገኝም። ቱፋን በቁሙ ወቅሼዋለሁ፤ ታሞ በተኛበትም ወቅሼዋለሁ። ስለ ሞተ የማቆምበት ምክንያት አይታየኝም።

የሞተ ዕለት ጠዋት እኅቱ ጫልቱ ሱቄ መጣች። ሱቄ አዳማ ነው፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፤ ባነር፣ ማኅተም፣ የቲሸርት ላይ ሥዕልና ጽሑፍ እንሠራለን። ነጠላዋን አዘቅዝቃ በር ላይ ስትቆም ነገሩ ገባኝ።

«ቱፋ አረፈ» አለችኝ። ከፌስታል ውስጥ አንድ ጉርድ ፎቶ አወጣች። «ባነርና የቀባሪ ቲሸርት እንፈልጋለን። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። እርስዎ ይሠሩልናል?»

ጫልቱ ከኔ ብዙም አታንስም፤ በልጅነታችን «አንተ» ነበር የምትለኝ። «እርስዎ» ማለት የጀመረችው ከወንድሟ ጋር ከተጣላን በኋላ ነው። ለኔ ያለችኝን እርስዎነት አክብሮት ነው ብሎ የሚሳሳት ሰው የለም።

«ይሠራል» አልኳት። «ነፍስ ይማር» ማለት ነበረብኝ፤ ከአፌ አልወጣልኝም።

በኛ ከተማ ሰው ሲሞት ፎቶውን ቲሸርት ላይ አሳትሞ፣ ቀባሪው ሁሉ ለብሶት መውጣት ከተለመደ ቆይቷል። ስለዚህ የጠላሁትን ሰው ፊት በገዛ እጄ በሰው ደረት ላይ ላበዛው ነው ማለት ነው። ፎቶው አርጅቷል፤ ዳሩን እርጥበት በልቶታል፣ ቀለሙ ደብዝዟል። ቱፋ እየሳቀ ነው። ሌላው ሰው ለጉርድ ፎቶ ፊቱን ሲያኮሳትር እሱ ይስቅ ነበር። ፎቶውን ለሰላም ሰጠኋት፤ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራልኝ ሴት ናት። «ለነገ ነው፣ ቶሎ ጨርሺልኝ» አልኳትና ወንበሬን ይዤ ደጅ ወጣሁ።

ከቱፋ ጋር አብሮ አደግ ነን። ሁለታችንም ወንጂ፣ የአገዳ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ተወለድን፤ አባቶቻችን አገዳ ቆራጮች ነበሩ። የዚያን አገር ሰው ለመለየት አፉን እስኪከፍት መጠበቅ ይበቃል። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ከምድር ውስጥ ይዞት የሚወጣ ነገር አለ፤ ሕፃኑ ጥርስ ሲያበቅል አብሮ ይገባና ያበልዘዋል። በከሰል ቢፈትጉት፣ በሎሚ ቢፈትጉት፣ በሶዳ ቢፈትጉት ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። ሦስቱንም ሞክሬያለሁ።

እኔ ስስቅ አፌን በመዳፌ የምሸፍን ልጅ ሆኜ አደግሁ። ቱፋ አልሸፈነም። አንድ እንግዳ ሰው ጥርሱን ትክ ብሎ ካየው፣ ታችኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ድዱ እስኪታይ ወደ ታች ይጎትትና «አድራሻዬ ነው፤ በደንብ አንብበው» ይላል። ጫልቱም የእሱ እኅት ናትና ያኔ አፏን ከፍታ ነበር የምትስቀው፤ ሳቋ ከቤት ቤት ይሰማል። ያን የከንፈር ጉተታውን እጠላው ነበር። አጠገቡ ስቆም ሰዉ ቀጥሎ የሚያየው የኔን አፍ ነዋ!

ጎልምሰን አዳማ መጣንና አንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ተቀጠርን። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አትማለሁ። እጁ ወርቅ ነበር፤ ይህን የሚክድ ውሸታም ነው። ጠባዩ ግን ሬት ነበር። ማንንም አያመሰግንም፣ የሰው ልብስ ያቃልላል፣ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል። ከሥራ መልስ ደግሞ የራሱን ሥራ ይሠራል። ከሆስፒታል የሚጣል አሮጌ የራጅ ፊልም ለምኖ ያመጣል፣ የሰውን መልክ በምላጭ ይፈለፍልበታል። ከዚያ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ያነጥፍና ፊልሙን ላዩ ላይ አድርጎ በስፖንጅ ጥቁር ቀለም ይመታበታል። ፊልሙ ሲነሣ ወረቀቱ ላይ ሰው አለ። ሰውየውም ወዲያው ይታወቃል፤ አፍንጫው፣ ቦርጩ፣ ኮቱ፣ የሚዋሽበት አፉ ሳይቀር።

ነጭ ቀለም የሚያወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሚያፌዝበት ሰው ጥርስ። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ትልልቅ ጥርስ ያደርግለታል። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ድሃ ግን ጥርሱ አይቀባም፤ ባዶ ይተወዋል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ምን ዓይነት ቡናማ እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የኛ ጥርስ ነው፣ ቁርጥ።

«ለምን ቡናማ ቀለም አትቀባውም?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ጊዜ።

«እኛን ማን ቀባን?» አለኝ። «ከታች ነው የመጣብን። እዚህም ከታች ይምጣ።»

ሥዕሉን ከጨረሰ በኋላ ዱቄት በውሃ አፍልቶ ማጣበቂያ ይሠራል፣ ማለዳ ተነሥቶ ይለጥፋል። የትም ግድግዳ ላይ ግን አይለጥፍም። የተሣለው ሰው ደጃፍ ላይ ብቻ ነው የሚለጥፈው። «ሥዕል ሰውየው ደጃፍ ካልተለጠፈ ሐሜት ነው» ይላል። ይህችን አባባሉን በሰማኋት ቁጥር ትክክል መሆኗ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ባለሆቴልን እንዲያ አድርጎ ነው ያዋረደው። ሰውየው ሰፈራችን ሆቴል ሠርቶ በሩ ላይ ቀን ከሌት ውሃ የሚረጭ ፏፏቴ አቆመ። እናቶች ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ከአጥሩ ማዶ ሲሰለፉ ይውላሉ። ቱፋ ባለሆቴሉን ጀሪካን ውስጥ ተቀምጦ ሲታጠብ ሣለው፤ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቷል፣ ጥርሱ እንደ ሸክላ ሳህን ነጭ ነው። ዙሪያውን የቆሙት ሴቶች ጥርስ ከረጢት ነው። የሆቴሉ በር ላይ ለጠፈው። ዘበኛው ቀደደው፤ በማግሥቱ ደገመ። ቀደደው፤ ደገመ። መጨረሻ ላይ ባለሆቴሉ ራሱ ሊማታ ሥራ ቤታችን መጣ።

«አንተ ነህ የምታሾፍብኝ?»

«ምነው ጌታዬ፣ ጥርስዎን አላሳመርኩትም?» አለው ቱፋ፣ ስፖንጁን እያጠበ። «ቅር ካለዎት የሴቶቹን አደርግልዎታለሁ።»

ሰውየው አልተማታም፤ መሳቂያ መሆኑ ገብቶታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአጥሩ ውጭ አንድ ቧንቧ አስተከለ። ቧንቧዋ ዛሬም አለች። ይህን የምጽፈው ለቱፋ ምስጋና አይደለም፤ ሥዕሉ ምን ይሠራ እንደነበር እንድታውቁ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ሂሩት የምትባል ልጅ ልቤን ይዛው ነበር። አባቷ ከደጋ የመጡ እህል ነጋዴ ናቸው፤ የበለዘ ጥርስ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ደዌ ነው ብለው ያምናሉ። ከውሃው ነው ቢሏቸው አይሰሙም። «የልጅ ልጄ አፍ እንደዚያ ሲሆን ከማይ ሞቴን እመርጣለሁ» ማለታቸውን ሰማሁ። ለፍቼ ያጠራቀምኳትን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ የላይኛውን ጥርሴን አስነቅዬ ሰው ሠራሽ አስተከልኩ። ያለኝ ለላዩ እንጂ ለታቹ አልበቃም። ከዚያ ወዲህ ስናገር ታችኛው ከንፈሬ ታችኛውን ጥርሴን እንዲሸፍን አድርጌ መናገር ተለማመድኩ። «አዲስ አበባ ተወልጄ ነው ያደግሁት» ማለትም ጀመርኩ። ሰውም አመነኝ።

ሽማግሌ ልልክ ቀኑ ተቆረጠ። እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች እኔ የተከራየኋት ቤት ተሰብስበው ወደ ሂሩት አባት ሊሄዱ ነው። ሽማግሌ የሚላከው ለልመና ብቻ አይደለም፤ የልጁን አገርና ዘር በቃሉ የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ሽበታቸውን ተማምነው ሰዎቹ ልጃቸውን ይሰጣሉ። የኔንም ውሸት ሊሸከሙልኝ መጥተዋል፣ ሳያውቁ።

በሬን ስከፍት ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመዋል፤ ወደ እኔ ግን አያዩም። የሚያዩት በሩን ነው።

ሥዕሉ እኔ ነኝ። ክራቫት አድርጌ እስቃለሁ። የላይኛው ጥርሴ ነጭ ቀለም፣ የታችኛው ከረጢት። ከሥሩ በዚያ ወርቅ እጁ «ግማሹ ከአዲስ አበባ» ብሎ ጽፎበታል።

ትልቁ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አደረጉ። «ግርማ፣ የት ነው የተወለድከው?» አሉኝ።

ታችኛውን ከንፈሬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ።

«አፍህን እስቲ ክፈት፣ ልጄ።»

አልከፈትኩም።

«እንግዲያው እኔ በዚህ ሽበቴ ሄጄ የማላውቀውን አልናገርም» አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ወሬው ከምሳ በፊት የሂሩት አባት ጋ ደረሰ። ሂሩት በዓመቱ ሌላ አገባች። እኔም ቆይቼ ትዳር ያዝኩ፤ ባለቤቴን አላማርርም። ያኔ የተዋረድኩት ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

የዚያን ዕለት ሥራ ቤት ሄጄ ቱፋን አነቅሁት። አልታገለኝም። «ደጃፍህ ላይ ነው የለጠፍኩት» አለኝ ትንፋሽ እያጠረው። «አላማሁህም።» ከዚያ ወዲህ ሥራ ቤቱን ትቶ ሄደ። የራጅ ፊልሞቹ ግን መጋዘን ውስጥ እንደተከመሩ ቀሩ። ሥራ ቤቱን፣ የዛሬውን ሱቄን፣ በኋላ እኔ ስገዛው ፊልሞቹም አብረው የኔ ሆኑ። በሬ ላይ የነበረውን ወረቀት በምላጭ ልጬ አነሣሁት፤ ላቃጥለው ብዬ ነበር። አላቃጠልኩትም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዓመታት አለፉ። ቱፋ ባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ እየጻፈ፣ እየተጣላ፣ እየለጠፈ ኖረ። ከዚያ ኩላሊቱ ታመመና ጫልቱ ቤት ተኛ። አንድ ቀን ናሆም የሚባል የሥዕል ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጣ። ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ አሥር ጊዜ እጁን በአልኮል የሚያሽ ልጅ ነው። አንድ የተገነጠለ የቱፋ ሥዕል በስልክ አይቶ ነው የመጣው። ቱፋን ሊያናግረው ሄዶ ነበር፤ «ደጃፍህ የት ነው?» ብሎ አባረረው። ጫልቱ ግን ለሕክምናው የሚሆን ገንዘብ ቸገራትና ፈቀደች፤ ፊልሞቹ እኔ ጋ መሆናቸውንም ነገረችው።

ናሆም ፊልሞቹን በጓንት እያገላበጠ ሲቃ ያዘው። «ይሄ ሂስትሪ ነው፣ ጋሽ ግርማ! ሊሚትድ ኤዲሽን እናወጣለን፤ ቁጥር ይኖረዋል፣ ቫልዩው ይጨምራል።» ከዚያ የሚያትምበትን ወረቀት አወጣ። ከውጭ የመጣ፣ ወፍራም፣ ንጹሕ ወረቀት ነው። በረዶ የመሰለ ነጭ።

ወዲያው ገባኝ። ጥርሱ ባዶ ወረቀት ከሆነ፣ ወረቀቱ ነጭ ከሆነ፣ የሁሉም ሰው ጥርስ ነጭ ሊሆን ነው። የባለሆቴሉም፣ የሴቶቹም።

የኔም።

አንድ ቃል ብቻ ብናገር ይበቃ ነበር። «ከረጢት ላይ ነው የሚታተመው» ማለት ብቻ። አልተናገርኩም። ስፖንጁን አንሥቼ አተምኩ። የራሴን ፊልም አንሥቼ ሳየው እኔ ክራቫት አድርጌ፣ ላይና ታቹ አንድ ዓይነት በሆነ ነጭ ጥርስ እስቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስታ ጥቂት ጊዜ ነው የተሰማኝ። ታጠብኩ።

ሥዕሎቹ አዲስ አበባ ተሰቀሉ። አንዱ ቅጂ የአንድ ደህና ባጃጅ ዋጋ አወጣ ብሎ ናሆም ደወለልኝ። የኔን ሥዕል ከሥሩ ካለው ጽሑፍ ተነሥተው «የከተማና የገጠር ውህደት» ብለው ተርጉመውታል። የባለሆቴሉን ደግሞ ማን ገዛው? የባለሆቴሉ ልጅ! ዛሬ ያ አባቱ አሥር ጊዜ ያስቀደደው ሥዕል በመስታወት ታጥሮ በዚያው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ተሰቅሏል። ሴቶቹም ባለሆቴሉም በአንድ ነጭ ጥርስ ይስቃሉ፤ ለማያውቅ ሰው የልደት በዓል ይመስላል። አባትየውን ያስቆጣው ነገር ልጅየውን አኮራው። ዋጋው የወጣው ንክሻው ስለ ወለቀ ነው፤ ያወለቅሁትም እኔ ነኝ።

አንዱን ቅጂ ይዤ ቱፋን ልጠይቀው ሄድኩ። መጠየቅ አይባልም፤ ላሳየው ነው የሄድኩት። ከስቷል። አልጋው ላይ ደገፍ ብሎ የራሴን ሥዕል ለረጅም ጊዜ አየው።

«አካም ቡልተ፣ ግርማ» አለኝ፤ ደህና አደርክ ወይ እንደማለት። «ይህን ያህል ወረቀት ከምታባክን በበረኪና ብትጉመጠመጥ አይሻልህም ነበር?»

«ቀናህ እንዴ?»

«እኔንማ ተወኝ፤ የጀሪካኖቹን ሴቶች ለምን ታጥባቸዋለህ? እነሱ ምን አደረጉህ?» ሳል አቋረጠው። ከዚያ «ሻዩን ረስተኸዋል?» አለኝ።

እስካሁን አንድ ነገር ዘልዬ ነው የመጣሁት። ስጽፈውም እዘለዋለሁ ብዬ ነበር።

ሽማግሌ ከመላኬ ሁለት ሳምንት በፊት ከሂሩት ወንድሞች ጋር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ልታዘዝ ብላ የመጣችው ጫልቱ ነበረች፤ እዚያ ትሠራለች። አየችኝና እንደ ልማዷ አፏን ከፍታ ሳቀች። ሊያጋልጠኝ የመጣ ጥርስ ሆኖ ታየኝ። እንደማላውቃት ሆንኩ። ሻዩን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ወደ ሂሩት ወንድሞች ዞሬ፣ «ይህቺ ልጅ ሻዩን በጥርሷ ነው እንዴ ያቀላችው?» አልኩ። ሳቁልኝ። እኔም ሳቅሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔ ግን አላመለጠኝም፣ አስቤ ነው የተናገርኩት። ከኋላችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን የተቀመጠው ቱፋ መሆኑን አላየሁም። የሰማኝ እሱ ብቻ ነው ብዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት።

«አልረሳሁትም» አልኩት።

«ታዲያ ለኔ ምን ታሳየኛለህ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተናድጄ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አልተያየንም።

እንግዲህ ደጅ ተቀምጬ ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ሰላም ሥራውን ጨርሳ ጠራችኝ። ከሰዓት ሆኗል፤ ጫልቱም ልትወስድ መጥታለች። ቲሸርቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል፣ ባነሩ ተዘርግቷል። ቱፋ ከሁሉም ላይ ይስቃል። ጥርሱ ነጭ ነው።

«ሰላም! ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?» አለች ደንግጣ። ከዚያ አየችው። «ውይ ጋሼ! ልማድ ሆኖብኝ፤ ሳላስበው እጄ ነው የሠራው።»

ልትወቀስ አይገባትም። በኔ ሱቅ ለሠርግ ይሁን፣ ለምረቃ ይሁን፣ ለሞት፣ ማንም ሰው ፎቶው ሲሠራ ጥርሱ ይነጣል። በዚህ አገር ያለ ፎቶ ቤት ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ደንበኛ እስኪጠይቅ አይጠበቅም። ሰላምን ሥራ ሳስጀምራት መጀመሪያ ያስተማርኳት እሱን ነው።

ጫልቱ አንዱን ቲሸርት አንሥታ በመዳፏ ዳበሰችው። «ቆንጆ ሆኗል» አለች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና። «ተዉት። አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ይሳቅ።»

አየኋት። ያቺ ሳቋ ከቤት ቤት የሚሰማ ልጅ መቼ ነው አፏን መሸፈን የጀመረችው?

«አይሆንም!» አልኩ። ራሴን አስደነገጥኩት። «እኔን በግማሽ ጥርስ አደባባይ ያቆመ ሰው በሙሉ ነጭ ጥርስ አይቀበርም! ነገ ጠዋት መጥተሽ ውሰጂ።»

ደግነት አይደለም። እልህ ነው። እኔ በስንት መከራ ያገኘሁትን ነጭ እሱ ሞቶ በነፃ ሊወስደው ነው? መጋዘን ገብቼ ከተረፉት ፊልሞች አንዱን አመጣሁ፣ የጥርሶቹን ቅርጽ በምላጭ ፈለፈልኩ። ቀለም በጠበጥኩ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ትንሽ ጥቁር። ግን ምን ያህል? ፎቶው ደብዝዟል፣ ከእሱ አይወሰድም። መስታወት ፊት ቆምኩና አፌን ከፍቼ ከታችኛው ጥርሴ ጋር አስተያየሁት። ትንሽ ቢጫ ጎደለው፤ ጨመርኩ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ ቲሸርት ላይ፣ በስፖንጅ መታሁት። ባነሩንም። ሳልጨርስ አልተነሣሁም፤ ሙሉ ጊዜውንም ስሰድበው ነበር።

በማግሥቱ ቱፋ በራሱ ጥርስ ተቀበረ። ከወንጂ የመጡት ሰዎች ቲሸርቱን ለብሰው ደረታቸውን ሲያዩ ይነካኩ ነበር። አንዲት አሮጊት «ራሱ ነው፣ ራሱ ነው» እያሉ አለቀሱ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ተቀመጥን። በሕይወቱ ሰላም ያልሰጡት ሰዎች «እንዴት ያለ ጨዋ ነበር» ይባባላሉ። ያን እንኳ ቻልኩት። ናሆም ግን ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ተነሣ። የኔን ሥዕል፣ ነጩን፣ ከፍሬም ጋር ይዞታል።

«የአርቲስቱ ራዕይ ይኸው ነው» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ዓይነት ጥርስ ይስቃል። እኩልነት ነው መልእክቱ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት የወንጂ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ለቅሶ ቤት ነውና አንገታቸውን ደፉ። ደሜ ፈላ። የሞተውን ሰው በገዛ ደጃፉ ሊያሙት!

«ውሸት ነው» አልኩ ተነሥቼ። «የቱፋ ሥዕል ከረጢት ላይ ነው። ያልተቀባው ጥርስ ከረጢቱ ነው፤ የኛ ጥርስ። አንተ ነጭ ወረቀት አመጣህ፣ እኔም እያወቅሁ ዝም ብዬ አተምኩልህ። የሸጥከው ሁሉ ታጥቦ የወጣ ነው።»

ናሆም መነጽሩን አወለቀ። መጀመሪያ ገረጣ፤ ቀጥሎ ዓይኑ ውስጥ ሌላ ነገር በራ። «ማለት... ኦሪጂናሉ አለ? ከረጢቱ?» ሥዕሉን አገላበጠው። «ታዲያ ይሄ ግማሹ... ሰውየው ማነው? እሱ ከታወቀ እኮ ቫልዩው ሌላ ነው!»

ከሥዕሉ ወዲህ አርጅቻለሁ፤ አላወቀኝም። ኦሪጂናሉ ቤቴ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከልብስ ሥር አለ። ዝም ማለት እችል ነበር። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የሰው ልብ ሲያለቅስ እሱ ይስቃል። የኔ ጥርስ ከኔ ጋር ከተለያየ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። አውራ ጣቴን አነሣሁ። ታችኛውን ከንፈሬን ወደ ታች ጎተትኩ፣ ድዴ እስኪታይ፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲያይ።

«አድራሻው ይሄ ነው» አልኩት። «ወረቀቱን ግን አልሸጥልህም። የሚመለሰው ወደ ደጃፌ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ተቀመጥኩ።

ጫልቱ ለለቀስተኛው ሻይ እያዞረች ነበር። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ነጠላዋ ከአፏ ላይ ወርዷል፤ አልመለሰችውም። አንዱን ብርጭቆ አንሥታ ሰጠችኝ።

«እንካ፣ ግርማ» አለችኝ። «አትፍራ፣ ያቀላው የሻይ ቅጠሉ ነው።»

ይህን ሁሉ ዘመን፣ ከጓዳው ውስጥ ሆና፣ ሰምታው ኖራለች።

ሻዩን ሳላቀዘቅዝ ጠጣሁት።